ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ አውሮፕላን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለምደክምበት ጉዳይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ጥቂት ማመንታቴ አልቀረም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ አድረው የመጡ፣ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ብሎን አጥብቀው ከሥሩ ፊርማቸውን የሚያኖሩ ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት ቆሞ፣ በብብት ሥር ታቅፎ ስለሚያዝ የፕላስቲክ አውሮፕላን መናገር፣ የልጅ አሻንጉሊት ይዞ ችሎት የመግባት ያህል ሊያስቆጥር ይችላል። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት የሃንጋር ሥራ በኋላ ስለ ሙያችን ያገኘሁትን አንድ ትልቅ ትምህርት ያስተማረኝ ይኸው አሻንጉሊት የተባለው ነገር በመሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሞዴል ሥራ አመጣጥ ጥቂት ልበል። ከፕላስቲክ የተሠሩ ተገጣጣሚ የአውሮፕላን ሞዴሎች ለገበያ መቅረብ የጀመሩት በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ፍሮግ የተባለው ድርጅት «ፔንግዊን» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣቸው ቀዳሚዎቹ ናቸው። ምጣኔያቸው 1፡72 ነበር፤ ይኸውም እውነተኛው አውሮፕላን ሰባ ሁለት ጊዜ አንሶ የተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ስድስት ጫማ በአንድ ኢንች ሲወከል የሚገኝ ምጣኔ ነው፤ ስድስት ጫማ ደግሞ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ስለሆነ፣ በዚህ ምጣኔ የተሠራ አብራሪ አንድ ኢንች ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ተማሪዎች በዚሁ ምጣኔ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎችን ከእንጨት ቀርጸው ለመንግሥታቸው አስረክበዋል። ወታደሩ የወገንን አውሮፕላን ከጠላት አውሮፕላን በቅርጹ እንዲለይ የሚማርባቸው መሣሪያዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ፖሊስቲሪን የተባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት እየፈሰሰ መሠራት ሲጀምር፣ ሞዴሉ በርካሽ ዋጋ በየቤቱ ገባ። እንግዲህ ከታሪኩ እንደምንረዳው፣ ሞዴል ከጥንት ጀምሮ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ዓይንን ማሠልጠኛም ነበር።

እኔ የመረጥሁት አውሮፕላን ሁላችሁም የምታውቁት ዳግላስ ሲ-47 ነው። የእናቱ የዲሲ-3 የመጀመሪያ በረራ የተደረገው በታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935) ሲሆን፣ ራይት ወንድማማቾች ከበረሩበት ዕለት ልክ በ32ኛው ዓመት መሆኑ ነው። የጦርነቱ ዘመን ልጇ ሲ-47 ወለሉ ለጭነት የጠነከረ፣ በስተግራ ጎኑ በኋላ በኩል ሰፊ ባለ ሁለት ተካፋች የዕቃ በር ያለው ነው። ከዚህ ቤተሰብ በአሜሪካ ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠርተዋል። ለእኛም ቢሆን ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ሲሆን፣ የመጀመሪያው በረራም በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946) ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደርጓል። መንገደኛው በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ዕቃው በመካከል ተደርድሮ የሚጓዝበት ዘመን ነበር።

ይህን አውሮፕላን በእጃቸው ፈትተው የገጠሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። እኔ በሥራ ላይ ስቀጠር አለቃዬ ሆነው ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ የሚወዱ ሰው ስላልነበሩ፣ ዛሬም ሁላችንም እንጠራቸው እንደነበረው «ጋሼ» ብዬ ብቻ አልፋለሁ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ በየበዓሉ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ስለ ድሮው ሥራ እንዲነግሩኝ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ምን የሚነገር አለው ልጄ? ይመጣ ነበር፣ እንሠራው ነበር፣ ይሄድ ነበር።» ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ጤናና ወደ ልጆች ይዞራል። ይህን እዚህ ላይ አስቡልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ የሲ-47 ሞዴል በካርቶን አምጥቶልኝ ነበርና፣ እሱን ሠርቼ ለጋሼ የዓመት በዓል ስጦታ ላደርግላቸው ወሰንሁ። በዚህ ምጣኔ እንደ እንግሊዙ ኤርፊክስና እንደ ጣሊያኑ ኢታለሪ ያሉ ድርጅቶች ይህን አውሮፕላን ሠርተውታል። የእውነተኛው የክንፍ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 29.11 ሜትር፣ ርዝመቱ 19.43 ሜትር ስለሆነ፣ ሞዴሉ 40.4 ሳንቲሜትር ስፋትና 27 ሳንቲሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ከአንድ ክንድ ያንሳል ማለት ነው።

የሞዴል ሠሪ የመጀመሪያ ሥራ ማጣበቅ ሳይሆን መወሰን ነው። «ሲ-47 እሠራለሁ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። የትኛውን? በየትኛው ቀን? ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ነውን ወይስ አሥር ዓመት በአቧራ ማረፊያ ላይ ካገለገለ በኋላ? ጋሼ በወጣትነታቸው በአንድ የጠቅላይ ግዛት ማረፊያ ሜዳ ላይ፣ በአውሮፕላኑ የዕቃ በር ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያን ፎቶግራፍ በዘዴ አስቀዳሁና ሥራዬን በእርሱ ላይ መሠረትሁ። ፎቶግራፉ የሚያሳየው የአውሮፕላኑን ግራ ጎን ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዝግጅት ለእኛ ሙያ ሰዎች እንግዳ አይሆንም። በመጀመሪያ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር እየተመሳከረ ይቆጠራል። ከዚያም ክፍሎቹ ከነተንጠለጠሉበት ዘንግ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ከፋብሪካው ቅርጽ በቀላሉ እንዲላቀቁ የሚቀባው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝምና። ክፍሉ ከዘንጉ ሲለይ አይሰበርም፣ አይጠመዘዝም፤ በጥፍር መቁረጫ ወይም በስል ፒንሳ ጥቂት ተርፎ ይቆረጥና ትርፉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ማንኛውም ክፍል ሙጫ ከመነካቱ በፊት ደረቁን ተገጥሞ መሞከር አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሳይሞከር የተጣበቀ ክንፍ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ ብዙ ነው።

ስለ ሙጫም አንድ ነገር ልጥቀስ። ለፖሊስቲሪን የሚሠራው ሙጫ በመሠረቱ ሙጫ ሳይሆን አሟሚ ፈሳሽ ነው። የሁለቱን ክፍሎች ፊት ያለሰልስና አንዱን ከሌላው ያዋህዳል፤ ፈሳሹ ሲተን መገጣጠሚያው አንድ አካል ይሆናል። ስለዚህ ጠባዩ ከማጣበቅ ይልቅ ለብየዳ የቀረበ ነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ በስንጥቁ ላይ ሲነካ ራሱ ተስቦ ይገባል፤ ብዙ መሆን የለበትም፤ መስኮት ተከፍቶ መሠራትም አለበት። በቅጽበት የሚይዘው ሌላው ሙጫ ለብረትና ለሽቦ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እንፋሎቱ ጠርቶ የተሠራውን መስኮት በነጭ ጉም ስለሚያለብሰው፣ መስኮቶቹ በነጩ የእንጨት ሙጫ ቢያያዙ ይመረጣል። የተቧጨረ መስኮት ደግሞ በጥርስ ሳሙና በትዕግሥት ቢታሽ ይጠራል።

የአብራሪዎችን ክፍልና የጭነቱን ወለል ሠርቼ፣ በፎቶግራፉ ላይ በሩ ክፍት ስለነበረ የውስጡን ግድግዳ አሳምሬ፣ የመቀመጫውን ማሠሪያ ከቀጭን ወረቀት ቆርጬ፣ ሁለቱን የአካል ግማሾች ገጠምሁ። ሌሊቱን በልብስ መቆንጠጫ ታስሮ አደረ። ጠዋት ባነሣው ከውስጡ «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ቁራጭ ተላቃ ውስጥ ቀርታለች። ከውጭ አትታይም፤ አውሮፕላኑም የሚበር አይደለም፤ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጋሼ ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ትእዛዝ ትዝ አለኝ፤ አንድ ካቻቢቴ ከሣጥኑ ከጎደለ፣ እስኪገኝ ድረስ ክዳን አይዘጋም። ሣጥኑ ከሞላ በኋላ ነው ፊርማ። ያደረውን መገጣጠሚያ በምላጭ ከፈትሁት። ሁለት ሌሊት ከሰርሁ፤ ቁራጯ የመቀመጫ እግር ሆና ተገኘች። ለሚበረው ያስተማሩኝን ለማይበረው ማጉደል እንደማልችል ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው።

አካሉና ክንፉ ከተያያዙ በኋላ የመገጣጠሚያው ስፌት በስቱኮ ይሞላል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጀመሪያ ሻካራው በኋላም ለስላሳው፣ ውሃ እየተነከረ ይታሻል። በዚህ አውሮፕላን ላይ በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው በክንፉ አቀማመጥ ነው። የመካከለኛው ክፍል አግድም ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚነሡት ከሞተሮቹ ወዲያ ያሉት የውጭ ክንፎች ናቸው። ሁለቱ እኩል ካልተነሡ ሞዴሉ ትከሻው የወለቀ ሰው ይመስላል። እኔ ሁለት እኩል የሆኑ መጻሕፍት ደርድሬ በክንፎቹ ጫፍ ሥር በማኖር ሙጫው እስኪደርቅ ጠብቄአለሁ። በአንጻሩ አንድ የሚቀልል ነገር አለ፤ ፊታቸውን በአፍንጫ ጎማ ለሚደግፉ አውሮፕላኖች ሞዴሉ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በአፍንጫቸው ውስጥ ክብደት ይጨመራል፤ ሲ-47 ግን በጅራቱ ጎማ የሚቀመጥ ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ዝርዝር ስለማብዛት የሚነሣውን ክርክር ማንሣት ይገባኛል። ብዙዎች የሞዴል ጥሩነት በላዩ በተጨመረው ዝርዝር ብዛት ይለካል ብለው ያምናሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በሞዴሉ ገጽ ላይ የተቀረጸች 0.2 ሚሊሜትር የምትሆን መስመር በ72 ስትባዛ 14.4 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት ቢኖር የሰው ጣት ይገባበታል። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ከወፈረ፣ በእውነተኛው 36 ሚሊሜትር ነው፤ ጣውላ ማለት ነው። አራት ሚሊሜትር ራስ ያለው ሪቬት በዚህ ምጣኔ ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሪቬትን ሁሉ አጉልቶ የሚያሳይ ሞዴል ዝርዝሩ በዛ እንጂ እውነቱ አልበዛም። አንዳንዱን ማቅጠን፣ አንዳንዱን በቀለም ጥላ ብቻ መጠቆም፣ አንዳንዱንም ጨርሶ መተው ያስፈልጋል። እኔም በስቱኮው ሥር የጠፉትን መስመሮች በመርፌ ጫፍ መልሼ ስቀርጽ፣ እጄን ለማቅለል ብዙ ታግያለሁ።

መጨመር የሚገባውም አለ። የአውሮፕላኑ ሞተር ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ሲሆን፣ 14 ሲሊንደሮቹ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ወርዱ 1.22 ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ 17 ሚሊሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው ለአንድ ሞተር 28 የካንዴላ ሽቦ ያስፈልጋል። እኔ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የመዘዝሁትን ፀጉር የመሰለ የመዳብ ክር በወረንጦ እየያዝሁ፣ ከፊት ሆኖ የሚታየውን ያህል ብቻ ተከልሁ። የፍሬኑን ቱቦም ከዚሁ ክር ሠራሁ። የሬዲዮው አንቴና የተሠራው ደግሞ ከተረፈው የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ በሻማ ነበልባል አጠገብ ሲለሰልስ ከሁለት ጎን ቀስ ተብሎ ቢሳብ እንደ ድር የቀጠነ ክር ይወጣዋል።

ቀለሙም እንዲሁ በምክንያት የሚሠራ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው አውሮፕላን ቀለም ያልተቀባ፣ ብረቱ የሚታይ ነው። ብረትን በቀለም ለመምሰል በመጀመሪያ ጥፋቱን ሁሉ የሚያጋልጥ አንቲሩጂኒ ይረጫል፤ ከዚያም አንጸባራቂ ጥቁር፤ በላዩም የአሉሚኒየም ቀለም በስሱ። የአሉሚኒየም ሉሆች ሁሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ስለማይመልሱ አንዳንዱን ሉህ በጥቂቱ ማጥቆር ተገቢ ነው። የኤለሮኖቹ፣ የጅራቱ መሪና የከፍታ መሪዎቹ ገጽ ግን በሸራ የተለበሰ እንጂ ብረት ስላይደለ፣ ከብረቱ ጋር እኩል ሊያብረቀርቅ አይገባም፤ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። በክንፉ ፊት ጠርዝ ላይ ያለው የበረዶ መከላከያ ጎማ ደግሞ ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ነው። ፊደላቱና ምልክቶቹ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ዲካል የሚባሉት ናቸው። በሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፉ በሥራቸው አየር ገብቶ እንደ ብር ስለሚያበሩ፣ አስቀድሞ ገጹን በጠራ ቫርኒሽ ማለስለስ ያሻል።

የመጨረሻው ሥራ አውሮፕላኑን ማርጀት ነው፤ አቧራውን፣ ዘይቱን፣ ጭሱን፣ ዝናቡ የተወውን መስመር መቀባት። በዚህ ደረጃ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ጥቂት ፈጠነ። በፎቶግራፉ ላይ ከመስኮቶቹ ሥር ወደ ታች የወረዱ የጭቃ ውሃ መስመሮች ይታያሉ። እኔም ሞዴሉን በእንጨት መያዣ ላይ አግድም አስተካክዬ፣ በቀጭን ብሩሽ ከእያንዳንዱ መስኮት ሥር መስመር አወረድሁ። እጅግ አማረ። በሳጥን አድርጌ፣ በጥጥ ደግፌ፣ በበዓሉ ዋዜማ ለጋሼ ወሰድሁላቸው።

ጋሼ ሞዴሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። ሞተሩን አዩ፤ የካንዴላውን ሽቦ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸራውን ከብረቱ መለየቴን አይተው «ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በግራ ጎኑ ላይ ዓይናቸው ቆመ፤ ብዙ ቆየ። በመጨረሻም ሞዴሉን በጠረጴዛው ላይ በጎማው አቆሙትና፣ «ልጄ፣ ይህ ውሃ የወረደው አውሮፕላኑ በምን ቆሞ ሳለ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ግን ከበላሁት በላይ አፈርሁ። ይህ አውሮፕላን በመሬት ላይ ሳለ ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ከአሥር ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ውሃ ደግሞ የሚወርደው የአውሮፕላኑን ሳይሆን የምድርን ቀጥታ ተከትሎ ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር የሚወርደው መስመር ከአካሉ ስፌቶች ጋር ትይዩ ሊሆን አይችልም፤ አሥር ሚሊሜትር በወረደ ቁጥር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ጅራት ማዘንበል አለበት። እኔ ግን ሞዴሉን አግድም ይዤ ስለሠራሁ፣ ዝናብ በላዩ የወረደው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆሞ ሳለ አስመሰልሁት። ፎቶግራፉን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ማዘንበሉም በግልጽ ይታይ ነበር። ዓይኔ አየ፤ ልቤ ግን ምክንያቱን አልጠየቀም።

ጋሼ ግን አልተቆጡም። ይልቁንም ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ወንበራቸውን ሳቡና፣ «ዘይቱንም ተሳስተሃል» ብለው ጀመሩ። የቆመ አውሮፕላን የሚያንጠባጥበው ዘይት ወደ ታች ሲሄድ፣ በበረራ ላይ የወጣው ግን በነፋሱ ተጠርጎ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት እድፍ አለመሆናቸውን፤ የአውሮፕላኑን ሆድ አይቶ ዘይቱ የፈሰሰው አየር ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ ብሎ መፍረድ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሥራቸው እንደነበረ አስረዱኝ። እንዲህ ባለው ሞተር ከታች ባሉት ሲሊንደሮች ውስጥ ሌሊቱን ዘይት ስለሚጠራቀም፣ ከመነሣቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ እየገፉ ማዞር ግድ ነበር፤ ሳይዞር ቢነሣ የታመቀው ዘይት ሞተሩን ይሰብራል። በደጋው ብርድ ጎሕ ሲቀድ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ቅጠሉን እየቆጠሩ ሲገፉ የክንዳቸው ሕመም ምን ይመስል እንደነበረ ነገሩኝ። እምቢ ሲላቸው ተጭነው እንዳይገፉ ማን እንዳስተማራቸውም ነገሩኝ። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ።

የተከበራችሁ አባላት፣ አስቀድሜ አስቡልኝ ያልኋችሁ ይህን ነው። ለብዙ ዓመታት ጠይቄአቸው ያልነገሩኝን ነገር ስህተቴ አስነገራቸው። «ስለ ድሮው ይንገሩኝ» ለሚል ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም፤ ጥያቄው ራሱ ቅርጽ አልነበረውምና። በእጃቸው የሚዳሰስ፣ ሊያርሙት የሚችሉት ነገር ሲቀርብላቸው ግን የሃምሳ ዓመት ዕውቀት መንገድ አገኘ። ባለሙያ የሆነ ሰው ስለ ራሱ መናገር ያፍራል፤ የተሳሳተ ሥራ አይቶ ዝም ማለት ግን አይችልም። ከዚያ ቀን በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞዴሉንና አንድ ደብተር ይዤ እሄድ ጀመር። መስመሮቹን በቫርኒሽ ማስለቀቂያ አጥፍቼ በማዘንበላቸው ልክ መለስሁ። የግራውን ጎን ሁሉ፣ እድፍ በእድፍ፣ ምክንያቱን እየነገሩኝ እንደገና ሠራሁት። በዕቃው በር ሥር ያለው ብረት የተፋፋቀው የቡና ጆንያ ሲጎተት መሆኑን፣ በበሩ ጠርዝ ያለው ጥቁረት የሠራተኞች እጅ መሆኑን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሦስት ደብተር ሞላ።

ወደ ቀኙ ጎን ልንሻገር ስንል ጋሼ ታመሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሞዴሉ ዛሬ በቤቴ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። የሚያየው እንግዳ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ግራው እንዲህ ያረጀ፣ ቀኙ ግን ለምን አዲስ ሆነ? ሳትጨርሰው ቀረህን?» ይለኛል። በግምት ልቀባው እችል ነበር። የግራውን ወደ ቀኝ ገልብጬ ብቀዳው ማንም አይለይም። ነገር ግን በቀኙ በኩል የዕቃ በር የለም፤ ጆንያ አልተጎተተበትም፤ የፎቶግራፍ ምስክር የለኝም፤ የሚያርመኝም ሰው የለም። ስለዚህ ንጹሑን ብረት እንዳለ ተውሁት። ለእንግዳውም «ለዚያኛው ጎን ምስክር የለኝም» ብዬ እመልሳለሁ። ያላየነውን ሥራ በመዝገብ ላይ አንፈርምም፤ ይህ የሙያችን ሕግ ነው። ሞዴልም መዝገብ መሆኑን ከተቀበልን፣ ሕጉ ለእርሱም ይሠራል።

ከዚህ የምደመድመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለእጃችን ነው። በሥራችን ላይ የምናየው ጭረት፣ እድፍና ሽንቁር ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ሳይጠይቁ መልኩን ብቻ መገልበጥ ሥራውን ያሳምረው ይሆናል እንጂ እውነተኛ አያደርገውም። ይህ በሞዴል ላይ ቢያሳፍር፣ በሚበረው ላይ ደግሞ ያስጠይቃል።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። ከመካከላችን የቀደሙትን አውሮፕላኖች በእጃቸው የሚያውቁ አዛውንቶች ከዓመት ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። ብረቱ ተቆራርጦ ተሽጧል፤ መዝገቡ በየመጋዘኑ ተበትኗል፤ የቀረው ዕውቀት በእነርሱ ዘንድ ነው። ሄደን «ይንገሩን» ብንል «ምን የሚነገር አለው?» ይሉናል። እንግዲያው ባዶ እጃችንን አንሂድ። ሞዴል ሠርተን፣ ሥዕል ስለን፣ አሮጌ መሣሪያ ወይም የተሰበረ ዕቃ ይዘን እንሂድ፤ እንሳሳትና ያርሙን። እርማታቸውንም በዚያው ሰዓት እንጻፈው። ሞዴል የሚሠራ አንድ ወጣት ከእያንዳንዱ ክፍል ቢገኝና ከአንድ ጡረተኛ ጋር ቢጣመር፣ ለማኅበሩ የሚወጣው ገንዘብ ከጥቂት ጠርሙስ ሙጫና ቀለም አይበልጥም።

እኔ በበኩሌ የጋሼን ሦስት ደብተሮች ገልብጬ ቅጂውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ዛሬ አስረክቤአለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲ-47ን በስተቀኙ በኩል የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ፣ ከስብሰባው በኋላ እንዲፈልገኝ በትሕትና እለምነዋለሁ። ብሩሼን አጥቤ እጠብቀዋለሁ።